ገፈርሳ ላይ ውኃ፣ ኮልፌ ላይ ፍሳሽ

የአዲስ አበባን የውኃ ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ዘወትር ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይጀምራሉ። በ1880ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ ግቢው አወረደው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ግን የኮልፌ ሰው ነኝና ነገሩን ከምዕራብ በኩል፣ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ብጀምረው እመርጣለሁ።

ትንሹ አቃቂ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ካሉት ከፍታዎች ይነሣል። ራስጌው ላይ፣ ከመሐል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ። ከምንጭና ከጉድጓድ እየቀዳ ለኖረ ከተማ ትልቅ እፎይታ ነበር። በ1960ዎቹ መባቻ በስተምሥራቅ ለገዳዲ እስኪጨመር ድረስ የከተማው ጥም በአመዛኙ የሚቆረጠው በዚሁ በምዕራቡ ውኃ ነው።

የገባው ውኃ ግን በየት ይውጣ? ይህን ለረጅም ዘመን የጠየቀ ያለ አይመስልም። ቧንቧ ሲዘረጋ ይመረቃል፤ ለፍሳሽ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የት ይገኛል? የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ የተሠራው በ1970ዎቹ ነው፤ ከኢልግ ቧንቧ 90 ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። የታቀደውም በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ገደማ ለማጣራት ነበር። አቅሙ ወደ 100,000 ያደገው በ2010ዎቹ ነው።

እስከዚያው ሰፈራችን በጉድጓድ መጸዳጃ ኖረ። ጉድጓዱ ሲሞላ፣ ገንዘብ ያለው መጣጭ መኪና ይጠራል። መኪና የማይገባበት መንደር ደግሞ ክረምትን ይጠብቃል፤ ዝናቡ ሲበረታ በሌሊት ጉድጓዱን ወደ ቦዩ ይከፍተዋል፣ ቦዩም ወደ ወንዙ ይወርዳል። ድርጊቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጠዋት ግን አንነጋገርበትም።

ያ ወንዝ ስሙ ያው ትንሹ አቃቂ ነው። ገፈርሳ ላይ ተገድቦና ተጣርቶ የሚጠጣው፣ ከተማው ውስጥ የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል። ቁልቁል መካኒሳ ሲደርስ ገበሬው እየጠለፈ ጎመንና ሰላጣ ያለማበታል። የቀረው ለኤሌክትሪክ ተብሎ ወደተገደበው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ጎመኑ ግን በማለዳ ተጭኖ ሽቅብ ወደ ገበያችን ይመለሳል፤ በየቤቱም በፈረቃ በመጣች የገፈርሳ ውኃ ይታጠባል።