ስዊድን መንገዷን ያዞረችበት ሌሊት

እሑድ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ላይ በስዊድን ጎዳናዎች የተገኘ ተሽከርካሪ ሁሉ ቆመ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ የግድ ካልሆነ በስተቀር ማንም እንዳይነዳ ታግዶ ስለነበር መንገድ ላይ የነበሩት ጥቂት ናቸው። እነሱም ቀስ ብለው ከግራው ጠርዝ ወደ ቀኙ ተሻገሩና እንደገና ቆመው ሰዓቱን ጠበቁ። ልክ 11 ሰዓት ሲሆን እንዲንቀሳቀሱ ተፈቀደላቸው። ከ200 ዓመት በላይ ግራዋን ይዛ የኖረች አገር ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀኟን ያዘች።

ስዊድናውያን ያን ዕለት «ዳገን ሆ» ይሉታል። «ሆ» በቋንቋቸው «ቀኝ» የሚለው ቃል መነሻ ፊደል ነው። ለውጡ ግን በሕዝቡ ፍላጎት የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1955 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት 82.9 በመቶው «በግራ እንቀጥል» ብለው ነበር። ፓርላማው ግን ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ወደ ቀኝ ይዞር ብሎ ወሰነ። ሕዝብ እምቢ ያለውን መወሰን ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ምክር ቤቱ ልክ ነበር እላለሁ። የስዊድን ጎረቤቶች ኖርዌይና ፊንላንድ በቀኝ ይነዱ ነበር፤ ድንበር የሚሻገር ሁሉ መስመር መቀየር ነበረበት። ከዚህ የከፋው የመሪው ጉዳይ ነው። በስዊድን የሚነዳው በግራ ሆኖ ሳለ የአብዛኞቹ መኪኖች መሪም በግራ በኩል ነበር። ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ስለሆነ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ደርቦ ለማለፍ ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። ለማየት መኪናውን መሃል መንገድ ድረስ ማውጣት ግድ ይለዋል፤ ሲያየው ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል።

ከውሳኔው እስከዚያ ሌሊት ድረስ አራት ዓመት በዝግጅት አለፈ። ለዚሁ ሥራ ብቻ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተማከሩ። የዕለቱ ምልክት ከወተት መያዣ ካርቶን እስከ የውስጥ ልብስ ድረስ ታተመ፤ ሰው ቀኙን እንዲይዝ የሚያሳስብ ዘፈን በውድድር ተመረጠ። አዳዲሶቹ የትራፊክ መብራቶች ቀድመው ተተክለው በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቀለሉ። አዲሱ የአስፋልት መስመር በነጭ ቀለም ተቀብቶ በጥቁር ቴፕ ተሸፈነ። በር በቀኝ በኩል ያላቸው አውቶቡሶች ተገዙ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነባሮች ደግሞ አዲስ በር ተከፈተላቸው። 360 ሺህ ያህል የመንገድ ምልክቶች መቀየር ነበረባቸው፤ አብዛኛው ሥራ የተሠራው ከለውጡ በፊት በአንድ ቀን ውስጥ ነው። የስቶክሆልሙ ኩንግስጋታን ጎዳና የዕለቱ ፎቶግራፍ ዛሬም ድረስ ይታያል፦ መኪኖች ወዲህና ወዲያ ተጠማዝዘው፣ ሰዉ በመሃላቸው እየተሹለከለከ።

ብዙዎች እልቂት ፈርተው ነበር፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። በማግስቱ ሰኞ በመላ አገሪቱ 125 አደጋዎች ተመዘገቡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሰኞዎች ከ130 እስከ 198 ይደርስ ነበር። ከ125ቱ አንዱም ሕይወት አልቀጠፈም። የመኪና ኢንሹራንስ የካሳ ጥያቄም በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሁሉም ሰው ፈርቶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ዓይኑን ከፍቶ ይነዳ ነበርና።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ግን የካሳው ጥያቄ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። አዲስ ነገር ያነቃል፤ አደጋው የሚመለሰው ሰው «ለመድኩት» ሲል ነው።

አገራችንም በዚህ መንገድ አልፋለች። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ከስዊድን ሦስት ዓመት ቀድማ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1973 ተከተለች። ኬንያ ግን እንግሊዞች እንደተዉላት በግራ ቀጠለች፤ ስለዚህ ሞያሌ ላይ ድንበሩን የሚሻገር ሾፌር ዛሬም መስመር ይቀይራል። ሳሞአ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከቀኝ ወደ ግራ ዞረች፤ ምክንያቱ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ርካሽ መኪና ለማስገባት እንዲመች ነው። እዚያም መንግሥት የሁለት ቀን የሕዝብ በዓል አውጆ፣ መጠጥ እንዳይሸጥ አግዶ ሕዝቡን አዘጋጀ።

መንግሥታት ይህን ያህል የተጨነቁበትን ለውጥ ዛሬ አንድ መንገደኛ ብቻውን ይወጣዋል። ናይሮቢ፣ ጆሃንስበርግ ወይም ለንደን አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል፣ መንጃ ፈቃዱን ያሳያል፣ ይፈርማል፣ የኪራይ መኪናውን ቁልፍ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት የሚያዘጋጀው ኮሚሽን የለም።

መኪናው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ነገር ቀላል ይመስላል። ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫው በቅደም ተከተላቸው ናቸው፤ እግር አይሳሳትም። መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ ማርሽ ግን በግራ እጅ ነው። ኬንያ ውስጥ በብዛት በሚታዩት የጃፓን መኪኖች ፍሬቻውም በቀኝ በኩል ነው፤ ስለዚህ እንግዳው ሾፌር ለመታጠፍ ሲል በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጥረጊያውን ያስነሳል። ይህ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ያለው መታጠፊያ ላይ ነው። በግራ በሚነዳበት አገር ከወዲያ የሚመጣውን የሚያቋርጠው ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ነው። አደባባይ የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። እግረኛም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ለንደን ውስጥ ማቋረጫው ሥር አስፋልቱ ላይ «ወደ ቀኝ ተመልከት» ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው የእንግዳ ዓይን መጀመሪያ ወደ ግራ ስለሚሄድ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን መኪና የሞላበት ጎዳና አይደለም፤ እዚያ የፊተኛውን መከተል ይበቃል። የሚያሰጋው ባዶ መንገድ ነው። ከነዳጅ ማደያ ወጥቶ፣ ወይም ማለዳ ከእንግዳ ማረፊያ ተነስቶ ጭር ያለ መንገድ የሚገባ ሾፌር ጎኑን የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ እጁ የለመደውን ጎን ይይዛል። ጥምዝ ላይ ከፊት መኪና ሲመጣም በድንጋጤ የሚጠመዝዘው ወደ ድሮው ጎኑ ነው።

ስለዚህ ውጭ አገር መኪና የምትከራዩ አንባቢዎቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ በርራችሁ እንደ ደረሳችሁ መሪ አትያዙ፤ ተኝታችሁ ተነሱ። ጥቂት ብር ቢጨምርም አውቶማቲክ መኪና ጠይቁ፤ ግራ እጃችሁ ማርሽ ከመፈለግ ያርፋል። ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ከየማደያውና ከየመኪና ማቆሚያው ስትወጡ ጎኑን ጮክ ብሎ ይንገራችሁ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን መኪናውን እስክትመልሱ ድረስ አድርጉት።