ዳኛው ያየው ኳሷን ነው

ሐምሌ 1 ቀን 1974 ዓ.ም. ምሽት፣ በስፔኗ ሴቪል ከተማ፣ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ለማለፍ ተገናኙ። ሊትባርስኪ ለጀርመን፣ ፕላቲኒ በፍፁም ቅጣት ምት ለፈረንሳይ አግብተው አንድ ለአንድ ነበሩ። ከዕረፍት በኋላ ተቀይሮ የገባው ፓትሪክ ባቲስቶን አሥር ደቂቃ ያህል እንደተጫወተ፣ ፕላቲኒ አሻግሮ የላከለትን ኳስ ተከትሎ ወደ ግቡ ገሰገሰ። ኳሷን መታት፤ ከግቡ ጎን አልፋ ወጣች። በረኛው ሃራልድ ሹማኸር ግን ዘሎ መጥቶ በዳሌው ፊቱን መታው። ባቲስቶን ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ጥርሶቹ ወለቁ፣ የአከርካሪ አጥንቱም ተጎዳ። ፕላቲኒ ጓደኛው የሞተ መስሎት እንደነበር ኋላ ተናግሯል።

የሆላንዱ ዳኛ ቻርልስ ኮርቨር ካርድ አላወጣም፤ ቅጣት ምትም አልሰጠም። ጨዋታው በመልስ ምት ቀጠለ።

እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ፊልሙን ያየሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ይሁንና ኳስ ወዳጆች መካከል ይህ ግጭት በተነሳ ቁጥር ክርክሩ እንደ አዲስ ሲፋፋም እሰማለሁ። አንዱ፣ «በረኛ ለኳስ መውጣት ሥራው ነው፤ አየር ላይ ፍሬን የለ!» ይላል። ሌላው፣ «ኳሷ ካለፈች በኋላ ምን ሊያድን ነው የዘለለው?» ብሎ ይመልሳል። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፤ ሆን ብሎ ነው ወይስ ሳያስበው?

ለመሆኑ ጥያቄው ከየት መጣ? ከደንቡ ነው። በዚያን ዘመን የእግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 12 ተጫዋችን መምታት፣ መጥለፍም ሆነ ዘሎ መግጨት ጥፋት ነው የሚለው «ሆን ተብሎ» ሲፈጸም ነበር። እንግዲህ ፊሽካ የያዘ ሰው የሰው ልብ እንዲያነብ ተፈርዶበት ነበር ማለት ነው። ያ ቃል የተነሳው በ1987 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ዳኛው የሚመዝነው ተጫዋቹ መጠንቀቅ አለመጠንቀቁንና ኃይሉ ልክ ማለፍ አለማለፉን ነው።

ለኮርቨር ግን ይህም ሙሉ መከላከያ አይሆነውም። እርሱ ራሱ ኋላ እንደተናገረው፣ ዓይኑ የተከተለው ኳሷን ነበር። ያላየውን ልብ ቀርቶ ያላየውን ዳሌ እንዴት ይፍረድ?

ዋጋውን የከፈለችው ፈረንሳይ ናት። ያኔ የሚፈቀደው ሁለት ቅያሪ ብቻ ስለነበረ፣ የባቲስቶን መውጣት ሁለተኛዋን በላባት። በተጨማሪው ሰዓት 3 ለ 1 ብትመራም ጀርመኖች 3 ለ 3 አደረጉ። በመለያ ምት ሁለት ኳስ ያዳነው ደግሞ ያው ሹማኸር ነበር፤ ጀርመን 5 ለ 4 አሸነፈች።

ባቲስቶን የሹማኸርን ይቅርታ ተቀብሏል። ሕጉም ተለውጧል። ደጋፊው ግን ዛሬም «አስቦበት ነው፣ አላሰበም» እያለ ይሟገታል። ልብን የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው። የባቲስቶን ጥርስ የወለቀው ግን በሐሳብ ሳይሆን በዳሌ ነው፤ ዳኛም ሊፈርድ የሚችለው በዚያው ላይ ነው።