የሩማ ጉድጓድና የሰፈራችን ውሃ

  

ስለ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ልግስና በተነሳ ቁጥር የሩማ ጉድጓድ ታሪክ ሳይነገር አይቀርም። ልጆቻችን በመድረሳ ሰምተውታል፤ እኛም ደጋግመን አስተምረነዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ለጋሹ ቸርነት ነው፤ ጉድጓዱ ምን ችግር እንደፈታ ቆም ብለን አናይም። ዛሬ ኢንሻአላህ ከዚያ ወገን እንጀምር።

ሙሃጂሮች ከመካ ተሰደው መዲና ሲገቡ በከተማይቱ የሚጣፍጥ የመጠጥ ውሃ እንደ ልብ አልነበረም። የሩማ ጉድጓድ ውሃው ጣፋጭ ነበር፤ ግን ባለቤት ነበረው፣ የሚጠጣውም በዋጋ ነበር። ከዘገባዎቹ አንዱ ባለቤቱ የበኑ ጊፋር ሰው እንደነበረና አንዱን አቁማዳ በአንድ ሙድ እህል ይሸጥ እንደነበር ይናገራል። ሙድ በሁለት እጅ የሚታፈስ እፍኝ ነው። ቤት ንብረቱን መካ ጥሎ ለመጣ ስደተኛ ያቺ እፍኝ የልጁ ራት ናት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጉድጓዱን በጀነት ምንጭ እንዲለውጣቸው ቢጠይቁት፣ እርሱና ቤተሰቡ ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ እንደሌላቸው ነገራቸው። ሻጩም ድሃ ነበር ማለት ነው! ታሪኩን ስናወራ ይህችን ዘንግተን ሰውየውን ክፉ እናደርገዋለን። ዑስማን (ረ.ዐ) ወሬው ሲደርሳቸው ጉድጓዱን በ35,000 ዲርሃም ገዝተው ለሁሉም ለቀቁት። በሌላ ዘገባ ደግሞ ባለቤቱ አይሁዳዊ ነበር፤ መጀመሪያ ግማሹ በ12,000 ቀጥሎም ቀሪው በ8,000 ዲርሃም ተገዛ ይላል።

አድማጮቻችን፣ ዑስማን ያንን ሁሉ ገንዘብ ለየድሃው ቤት ማከፋፈል ይችሉ ነበር። ቢያከፋፍሉት ኖሮ ግን ዲርሃሙ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ጉድጓድ አፍ ይመለስ ነበር። እርሳቸው የገዙት ዋጋውን ራሱን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሀብታሙ ባልዲና የስደተኛው ባልዲ በአንድ ገመድ ወረዱ። ዛሬ በከተሞቻችን የግቢ ቧንቧ የሌለው ቤተሰብ ከጎረቤት በጀሪካን ሲገዛ ከባለቧንቧው አብልጦ እንደሚከፍል እናቶቻችን ያውቁታል። ድሃ ውሃ የሚገዛው በውድ ነው፤ ሲያንሰውም መጀመሪያ የሚተወው እጅ መታጠቡን ነው።

ከሁለት ምእተ ዓመት ገደማ በኋላ ይኸው ችግር በመካ ተነሳ። ኢብኑ ኸሊካን እንዳሰፈረው አንድ አቁማዳ ውሃ አንድ ዲናር ደርሶ ነበር፤ ዲናር ወርቅ ነው። የኸሊፋ ሃሩን ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ከሁነይንና ከዋዲ ኑዕማን ምንጮች ድንጋይ እያስፈለፈለች ውሃ ወደ መካ አስመጣች። ወጪው 1.7 ሚሊዮን ዲናር እንደደረሰ ተጽፏል። እርሷ በሂጅራ 216 (እ.ኤ.አ. 831) ስትሞት ውሃው ቀረ። ቦይ ግን ጠባቂ ይፈልጋል፤ ሲደፈንና ሲፈርስ፣ ሲጠገንና እንደገና ሲደፈን ኖረ። በ16ኛው ምእተ ዓመት የሱልጣን ሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ ሱልጣን አሳድሳዋለች።

የሚያሳዝነው ምዕራፍ ቀጥሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1865 ሐጅ ላይ ኮሌራ ገባ። ከ90,000 ያህል ሑጃጆች 15,000 የሚሆኑት እንደሞቱ ይገመታል። በሽታው ከተመላሾች ጋር በመርከብ ሱዌዝ፣ ከዚያ እስክንድርያ፣ ከዚያም የአውሮፓ ወደቦች ደረሰ። አውሮፓ ደነገጠች። በማግስቱ ዓመት በኢስታንቡል ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ከዚያ በኋላም በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት፣ በሲና ደግሞ በጡር የሑጃጆች ማቆያ ተቋቋመ። የካማራኑ ክፍያ ይሰበሰብ የነበረው ከሑጃጁ ነው። ማቆያው በሽታውን ከሌላው አገር ለማገድ ረድቷል፤ ይህን አንክድም። የመካን ድሃ ግን የሚያድነው ንጹሕ ውሃ ነበር። በ1880ዎቹ የዙበይዳ መስመር፣ ከሕንድ ሙስሊሞች በተዋጣ ገንዘብ ጭምር፣ ተጠገነ። እንዲህም ሆኖ በ1893 ሐጅ ከ30,000 በላይ ሰው በኮሌራ እንዳለቀ ይገመታል።

ለምን? ውሃ መምጣቱ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። የኮሌራ ተሕዋስ ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውሃና በምግብ በኩል ወደ ጤነኛው አፍ ይገባል። ሽንት ቤቱ ከውሃው ካልራቀ የሰደቃው ውሃ ራሱ በሽታ ይሸከማል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰው በሚጠለልበት ጥላ መጸዳዳትን እርግማን የሚያመጣ ሥራ ብለው አስጠንቅቀዋል፤ ሐዲሱ አቡ ዳውድ ዘንድ ይገኛል። እኛ ይህን ስለ ውዱእና ጠሃራ ስናስተምር እናነበዋለን፤ ጉድጓድ ስንቆፍር ግን እንረሳዋለን።

ያ የጡር ማቆያ ከእኛ ጋርም ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1905 እዚያ በነበሩ ሑጃጆች ላይ የተለየው የኮሌራ ዓይነት በቦታው ስም ኤል ቶር ተባለ። በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነስቶ በ1970 ኢትዮጵያ የደረሰው ኮሌራ ይኸው ዓይነት ነው። በ1998 ዓ.ል. አተት እየተባለ ብዙ ቤት ያንኳኳውን ወረርሽኝ ታስታውሳላችሁ።

አሁን የራሳችንን እንናገር፤ ማፈራችን አልቀረም። እናሰግድበት ከነበረ አንድ መስጊድ ግቢ አንድ ደግ ሰው ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር። ቦኖ የራቀው የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከዚያ ይቀዳል። የለጋሹ ስም በእብነ በረድ ተጽፏል። በ1995 ዓ.ል. በተጀመረው መርሐ ግብር ከሰለጠኑት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንዷ፣ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን፣ አንድ ቀን መጥታ ከጉድጓዱ እስከ ሽንት ቤታችን በእርምጃ ለካች። አሥራ ሁለት እርምጃ ሆነ። ሽንት ቤቱ ደግሞ ከላይ በኩል ነበር። «ቢያንስ ሠላሳ ሜትር መራቅ አለበት፤ ከጉድጓዱም በታች መሆን አለበት» አለችን። አንድ አባት «የሰደቃ ውሃ እንዴት ያሳምማል?» ብለው ተቆጡ። እኛ ኢማም ተብለን ዝም አልን፤ የሰፈሩን ሕፃናት ተቅማጥ እያወቅን።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። እጃችን ላይ የነበረው ገንዘብ ለሚናራው የተዋጣ ነው፤ ለሌላ ማዋል ይቻላል ወይ የሚል ክርክር ተነሳ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ ከጁሙዓ በኋላ ያዋጡትን ሰዎች ፈቃድ ጠየቅን። ሁሉም አልፈቀደም፤ ያልፈቀዱት ድርሻ ለሚናራው ተለይቶ ተቀመጠ። በቀረው አዲሱ ሽንት ቤት ከግቢው ታችኛ ጫፍ ተቆፈረ፣ የድሮው ተደፈነ፣ ጉድጓዱም ከንፈሩ በሲሚንቶ ከፍ ብሎ ክዳን ገባለት። ውሃውን በክሎሪን ያከመችው ያችው ልጅ ናት። የተቆጡት አባት ለክዳኑ ቁልፍ ገዝተው መጡ፤ ከሱብሒ በኋላም የሚከፍቱት እርሳቸው ሆኑ።