የሕፃናት የፊት እብጠት፦ ከጋለ ብረት እስከ ኢንዶስኮፕ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር በሕፃን ፊት ላይ የወጣ እብጠት ለረጅም ዘመን የባህል ሐኪም ጉዳይ ነበር፤ በጋለ ብረት ይተኮሳል ወይም ይበጣል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ሲልክ ሌላ አማራጭ ተገኘ። ቀዶ ሕክምናው ግን እብጠቱ ባለበት ቆዳን መሠንጠቅን ስለሚጠይቅ ጠባሳው ከልጁ ጋር ያድግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በግንባር ቀዶ ሕክምና ጥቅም ላይ የዋለው ኢንዶስኮፕ፣ በቅንድብ ጫፍ ያለ ደርሞይድ ሲስት በፀጉር መካከል በተከፈተ ጠባብ ቀዳዳ ከነከረጢቱ እንዲወጣ አስቻለ። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ በአፍንጫ መሐል መስመር ያለ እብጠት ወደ አንጎል ሊዘልቅና ሲነካካ ማጅራት ገትር ሊያስከትል ስለሚችል፣ ከምስል ምርመራ በፊት መርፌም ሆነ ምላጭ ሊያርፍበት አይገባም። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ሕፃኑን መጀመሪያ የሚያየው ባለሙያ ይህን ለይቶ በጊዜ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላኩ የሕክምናው መነሻ ነው።