ከድንጋይ ግንብ ጋር የታገለው ራውተር

ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አጥር ማዶ ተከራይቼ ስኖር፣ የድንጋዩ ግድግዳ ዋይፋዩን ይውጠው ነበር። በዘመኑ የታወቀው ራውተር ሊንክሲስ ደብልዩአርቲ54ጂ ነበር። ውስጡ ሊኑክስ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲታወቅ፣ የሊኑክስ ፈቃድ ስለሚያስገድድ ኩባንያው ኮዱን ለቀቀ፤ ከዚያ ኮድ ተነስቶ በ2004 ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው ምትክ የራውተር ሶፍትዌር ተጀመረ።

የዚህን ሶፍትዌር የሙከራ ቅጂ መጫን ልብ ይፈልጋል። አስቀድሞ «ቡት ዌይት» የተባለው ቅንብር ይከፈታል፤ አዲሱ ፋይል እምቢ ቢል ራውተሩ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንዶች ቆሞ በቲኤፍቲፒ (በኔትወርክ ፋይል መላኪያ ዘዴ) ሌላ ይቀበላል። መብራቷ ብልጭ ድርግም ስትል መሰኪያውን የነካ ወየውለት! የማሰራጫውን ኃይል መጨመርም ተቻለ፤ ለግንቡ ግን መሃል ላይ ሁለተኛ ራውተር ማቆሙ ይሻል ነበር።

በ2005 የወጣው የደብልዩአርቲ54ጂ አምስተኛ ዝርያ የፍላሽ ማህደረ ትውስታው ከ4 ወደ 2 ሜጋባይት ወረደ፣ ሊኑክሱም ከውስጡ ወጣ። ስስት ነው ባይ ነኝ፤ ሊኑክስ ለሚፈልጉት ደግሞ «ኤል» የተጨመረበትን ሞዴል ለብቻው ሸጡላቸው።