የአገር ንብና የባዕድ አውራ

ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ከመጡት ምእመናን መካከል ከጐጃም የመጡ አንድ አዛውንት በማረፊያ ቤታችን ሳሉ፣ የያዙትን ጧፍ እያገላበጡ፣ «አገሬ ስገባ ንብ ማነብ አስቤአለሁ፤ ልጆቼ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ አውራ ይሻላል ይሉኛል። እርስዎ የዚህን አገር ታሪክ ያነባሉና ምን ይመክሩኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ለጊዜው ቀላል መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን ይህች አገር በዚህ ነገር ብዙ ያየች ስለ ኾነች፣ መልሱን ከታሪኳ መፈለግ ግድ ኾነብኝ። (ዓመቶቹ ኹሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።)

ምድሪቱ ወተትና ማር የምታፈስ መባሏን ኹላችንም እናውቃለን። ኾኖም በአገሩ ጥንታዊ የንብ ቀፎ ተቈፍሮ ተገኝቶ ስለማያውቅ፣ ብዙ ሊቃውንት ማር የተባለው የተምር ጭማቂ ነው ይሉ ነበር። በ2007 ግን በቤትሳን ሸለቆ፣ ቴል ረሖብ በተባለው ስፍራ፣ በፕሮፌሰር አሚሃይ ማዛር መሪነት ሲቈፈር፣ ተደርድረው የተሠሩ 30 ያህል ቀፎዎች ወጡ። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከዐሥረኛው እስከ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። ካልተተኰሰ ጭቃና ከገለባ የተሠሩ ድብልብል ቀፎዎች ናቸው፤ ርዝመታቸው 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲኾን፣ በአንድ ወገን ለንቡ መግቢያ ትንሽ ቀዳዳ፣ በሌላው ወገን ማር ለመቍረጥ የሚነሣ ክዳን አላቸው። ሥዕላቸውን ለአዛውንቱ ባሳየኋቸው ጊዜ «ይህማ የኛው ነው» አሉ።

ስፍራው በእሳት ጠፍቶ ስለ ነበር በማሩ እንጀራ ውስጥ የከሰሉ ንቦች ተገኙ። በ2010 የወጣው ምርመራ እንግዳ ነገር አመለከተ፤ ንቦቹ ከዚህ አገር ንብ ይልቅ የአናቶልያን፣ ማለት የዛሬዋን የቱርክ ምድር ንብ ይመስላሉ። ከሩቅ አስመጥተዋቸው ይኾናል፤ ወይም በዚያ ዘመን ያ ዝርያ እስከዚህ ይደርስ ይኾናል። በስምንተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት በኤፍራጥስ ዳር የሱሑ ገዢ የነበረው ሻማሽ ረሽ ኡጹርም ንብን ከተራራ አውርዶ በአገሩ እንዳለመደ በድንጋይ አስጽፏል። እንግዲህ ንብ ማዛወር የዛሬ ፈጠራ አይደለም።

የዚህ አገር ተወላጅ፣ ሊቃውንት የሶርያ ንብ የሚሏት፣ ትንሽ፣ ብጫና እጅግ ቍጡ ናት። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 1 የአሞራውያን ማሳደድ በንብ መመሰሉ (እኔ እንደሚመስለኝ) መነደፍን ከሚያውቅ ሰው የመጣ ነው። በ1880 ዲ. ኤ. ጆንስ የተባለ ካናዳዊና ፍራንክ ቤንተን የተባለ አሜሪካዊ የንብ ዘር ፍለጋ ወደ ቆጵሮስና ወደ ፍልስጥኤም መጥተው፣ «የቅድስት አገር ንብ» በአሜሪካ ትሸጥ ጀመር፤ ጠባይዋን ግን ብዙዎች አልቻሉትም። በዚያው ዘመን በቤተ ልሔም አጠገብ በአርጣስ መንደር የባልደንስፐርገር ቤተ ሰብ ባለ ፍሬም ቀፎ አስገብተው፣ ያችኑ ቍጡ ንብ ይዘው ሠርተዋል።

በሃያኛው መቶ ዓመት ግን ገራምና ብዙ ማር ሰጪ የኾነችው የኢጣልያ ንብ መጣች። የአገሪቱን ንብ ማንም በሰይፍ አልፈጃትም። ወጣት አውራ የምትፀነሰው በአየር ላይ እየበረረች፣ ከአካባቢው ቀፎ ኹሉ ከሚወጡ ድንጉላዎች ነውና፣ አንዱ ያስመጣው ዘር የጎረቤቱንም ቀፎ ይለውጣል። እንዲህ እየተቀላቀለች የሶርያ ንብ በእስራኤል ምድር ከሞላ ጐደል ጠፋች። የቀረው ዘሯ በዙሪያው አገሮች ነው፤ እዚያም ድብልቅ በዝቷል። ከእርሷ ጋራ የተጐዳው ዕውቀት አለ፤ ቀፎ የሚያጠፋው ትልቁ የምሥራቅ ተርብ ሲመጣ፣ የሶርያ ንብ እንዴት እንደምትከላከል ታውቃለች፤ ኢጣልያዊቱ ግን ብዙ ሠራዊት ታስፈጃለች።

ይህን ኹሉ ከሰሙ በኋላ አዛውንቱ፣ «የኛዋስ?» አሉኝ። የኢትዮጵያ ንብ በ2011 ራሷን የቻለች ዘር መኾኗ በሊቃውንት ተጽፎላታል፤ ዛሬም በቀፎዎቻችን ያለችው እርሷ ናት። የምትናደፍ፣ ቶሎ የምትኰበልል መኾኗን አልሸሸግኋቸውም፤ የልጆቻቸውም አሳብ ከንቱ እንዳልኾነ ነገርኋቸው። ነገር ግን አውራ ከውጭ ቢያስመጡ ለራሳቸው ብቻ አይደለም የሚያስመጡት፤ በሽታም አብሮ ይመጣል። ደግሞም የአገሩን ንብ ሳይገዙም ማግኘት ይቻላል፤ ቀፎ አጥኖ መስቀል ይበቃል።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ ከመስከረም አበባ በፊት ኹለት ቀፎ በወይራ አጥነው ከዋርካው ላይ እንደሚሰቅሉ ነገሩኝ፤ አንዱ ለማር፣ አንዱ ለጧፍ ነው አሉ።