ከባድ የወርክሾፕ ማሽን በመኖሪያ ግቢ ውስጥ በጥንቃቄ ስለማንቀሳቀስና ስለማንሳት

በሸዋ ሮቢት ከተማና በይፋት ቆላማ ቀበሌዎች የእህል ወፍጮ፣ የብየዳ፣ የእንጨት ወይም የቶርኖ ሥራ በግቢያቸው ለሚያከናውኑ ነዋሪዎች፣ ማሽኑን ከጭነት መኪና አውርዶ ወደ ቤት ማስገባት ከሥራው ሁሉ አደገኛው ነው። ጎረቤት አሰባስቦ በጉልበት ማንሳት የተለመደ ቢሆንም የሰው መብዛት ብቻውን ደኅንነትን አያረጋግጥም። ማሽኑ ሚዛኑን ሲስት ክብደቱ በአንድ ወገን በቆሙት ላይ ይወድቃል።

ከሥራው በፊት መሟላት ያለባቸው

1. ክብደትን ማወቅ፦ ክብደቱ በማሽኑ ሰሌዳ ወይም መመሪያ ላይ ይገኛል። ካልተገኘ በግምት ይሰላል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያህል ጥፍጥ ብረት ከ150 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል።
2. ማቅለል፦ ኤሌክትሪኩ በባለሙያ ይቋረጣል፤ ሞተር፣ ቺንጋና የወፍጮ ድንጋይ ተፈትተው ለየብቻ ይጓጓዛሉ። የቶርኖ ማሽን ክብደት ማርሹ ወዳለበት ጫፍ እንደሚያደላ መዘንጋት አይገባም።
3. መንገዱን ማዘጋጀት፦ የበሩ ስፋት ይለካል። በክረምት የረጠበ አፈር በክሪክ ሥር ስለሚሰምጥ ሰፊና ወፍራም ጣውላ ይነጠፋል።
4. ሰዓት መምረጥ፦ በቆላው ሙቀት ላብና ድካም አያያዝን ስለሚያላሉ ሥራው በማለዳ ይከናወናል። ጓንትና ጠንካራ ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል።

በሥራው ጊዜ

ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ቁም» የሚለውን ቃል ግን ማንም ሊናገር ይችላል፤ ሲነገርም ሁሉም ይቆማል።

ማሽኑ በክሪክ ወይም በዲጂኖ ጥቂት ከፍ ባለ ቁጥር ወዲያውኑ የእንጨት ድጋፍ ይደረግለታል። በክሪክ ብቻ በቆመ ማሽን ሥር እጅም ሆነ እግር አይገባም። በሜዳማ ወለል ላይ እኩል ውፍረት ባላቸው የብረት ቧንቧዎች ማንከባለል ይቻላል፤ ቧንቧው የሚቀየረው ማሽኑ ሲቆም ነው። በተዳፋት ቦታ ማሽኑ ከላይ በኩል በገመድ ይያዛል፤ ከታች በኩል መቆም ክልክል ነው።

ፓራንኮ በቤት ጣሪያ ማገር ላይ አይሰቀልም፤ ማገሩ የተሠራው ቆርቆሮ ለመሸከም ነው። ክብደቱን በሚችል የብረት ማቆሚያ መጠቀም ይገባል። በሁለት ገመድ ሲነሳ በገመዶቹ መካከል ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ከደረሰ እያንዳንዱ ገመድ የማሽኑን ሙሉ ክብደት ያህል ጫና ይሸከማል፤ ስለዚህ ማዕዘኑ መጥበብ አለበት።

መውደቅ የጀመረ ማሽን ለመያዝ አይሞከርም። ለቆ መሸሽ ግዴታ ነው።

ከተተከለ በኋላ

ማሽኑ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰራል። የመሬት ሽቦ መገናኘቱና ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር የሚዞርበት አቅጣጫ ቺንጋው ከመግባቱ በፊት በባለሙያ ይረጋገጣል።

የአሠሪ ግዴታ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስረዳት አለበት። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞችን ጤንነታቸውን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ማሰማራት የተከለከለ ነው።

አደጋ ሲደርስ

ሰው በማሽን ሥር ከተያዘ ማሽኑ ተጨማሪ እንዳይወርድ አስቀድሞ በእንጨት ይደገፋል። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዛል። ጀርባው ወይም አንገቱ የተጎዳ ሰው፣ ሌላ አደጋ ካላሰጋ በቀር፣ የጤና ባለሙያ እስኪደርስ አይንቀሳቀስም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።